የእጅ ቡና መፍጫ ለሚገዛ ተማሪ

ቡና በመቁላትና በማፍላት መካከል ያለው ሥራ፣ ይኸውም መፍጨቱ፣ ብዙ ሰው የማያስብበት ነው። የሐረር ይሻላል የይርጋ ጨፌ ብለን እስክንቆጣ ድረስ እንከራከራለን፤ ምጣዱ ላይ ቆመን መጥቆሩን እንጠብቃለን፤ ፍሬው በምን እንደ ደቀቀ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በማደሪያ ቤት አዋጥተው የእጅ መፍጫ ለመግዛት የሚመክሩ፣ እንዲሁም ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄዱ በሻንጣቸው አንድ ለመያዝ የሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶች ስላሉ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንል ወደድን። የተማሪ ኪስ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ለመግዛት አይበቃምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ግሦች እንለይ። ሙቀጫ ይወቅጣል፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው ባለምላጭ ዕቃ ይከትፋል፤ መፍጫ ግን ይፈጫል። ምላጩ ያገኘውን ፍሬ ደጋግሞ ይመታል፤ ያላገኘውን ይተዋል፤ ስለዚህ ሽሮ የመሰለ ዱቄትና ቅንጬ የመሰለ ክክ ከአንድ ዕቃ ተቀላቅለው ይወጣሉ። የእጅ መፍጫ ግን የእናቶቻችን ወፍጮ ታናሽ ወንድም ነው ለማለት እንደፍራለን። በወፍጮውና በመጁ ፈንታ ሁለት ባለጥርስ አካላት አሉት፤ አንዱ ሾጣጣ ሆኖ በመካከል ይዞራል፣ ሌላው እንደ ቀለበት ከብቦት ይቆማል። ፍሬው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት እስኪያክል ድረስ ካልደቀቀ ወደ ታች አያልፍም። ክፍተቱን ማጥበብና ማስፋት ደግሞ በባለቤቱ እጅ ነው።

ታዲያ እኩል ቢደቅ ባይደቅ ምን ይጠቅማል ይባል ይሆናል። ውሃ ከላመው ዱቄት መልካሙን ጣዕም ቶሎ ይጨርስና መራራውን ማውጣት ይጀምራል፤ በዚያው ጊዜ የክኩን ልብ ገና አልነካውም፤ ከክኩ የሚገኘው ቀጭንና ኮምጣጣ ነው። ሁለቱ በአንድ ስኒ ሲገናኙ ቡናው መራራም ኮምጣጣም ይሆናል፤ ጠጪውም ቡናውን ይወቅሳል፣ ስኳርም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ለሙቀጫ ጠበቃ ልንቆም ይገባናል። የጀበና ቡና ልሞ ይወቀጣል፣ ከውሃው ጋር ይፈላል፣ ከዚያም አተላው እስኪረጋ ድረስ ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል። ውሃው ከዱቄቱ ጋር ብዙ ስለሚቆይ ከክኩም ቢሆን የድርሻውን ያወጣል፤ የላመውም ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ከጀበና በቀር የማይጠጣና ሙቀጫ ያለው ሰው ገንዘቡን ለመጽሐፍ ቢያውለው ይሻለዋል እንላለን። ሙቀጫን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩትን ሰዎች አንቀበላቸውም። የሙቀጫ ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ከሻንጣ አይገባም፤ በፈተና ሰሞን ደግሞ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ሲወቀጥ በግድግዳው ማዶ የሚያጠናው ጎረቤት ምን እንደሚል እናውቃለን።

በወረቀት አጥልሎ ለሚጠጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የድሬዝደኗ የቤት እመቤት ሜሊታ ቤንትስ በ1908 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የማጥለያ ወረቀቷን በስሟ ካስመዘገበች ወዲህ ይህ አፈላል ዓለምን አዳርሷል። ውሃው በዱቄቱ ውስጥ የሚያልፈው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተመልሶ የሚያርመው የለም። ዱቄቱ ከበዛ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ክኩ ከበዛ ውሃው ሳይቀምሰው ያልፋል። ጀበና በሌለበት አገር ክፍል ተከራይቶ የሚማር ወንድማችን ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይኸው አፈላል ስለ ሆነ፣ መፍጫው ለእርሱ ቅንጦት አይደለም። ከዚህ የኤሌክትሪክ መፍጫ ይዤ ልሂድ የሚል ደግሞ ያስብበት፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ 120። እጅ ቮልት አይጠይቅም።

ወደ ሱቅ ስንገባ ዓይናችንን የሚስበው መሳቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን ነው፤ በጉልበት መካከል ይዘውት ይዘወራል። ዛሬ በመኪናው የሚታወቀው ፔዦ ቡና መፍጫ መሥራት የጀመረው በ1840 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አንድም መኪና ሳይሠራ ነበር። ለቤት ያማረ ዕቃ ነው፤ ለመንገድ ግን ቀጭኑ በርሜል መሰል መፍጫ ይሻላል። በሁለቱም ቢሆን ገንዘባችሁ ለጥርሱና ለዘንጉ ይሁን እንጂ ለውጪው ጌጥ አይሁን። መዘወሪያውን ይዛችሁ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ክፍተቱ በዞረ ቁጥር ይለዋወጣል ማለት ነው፤ ያ መፍጫ ከባለምላጩ ብዙም አይሻልም። በጥሩው ላይ ዘንጉ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታ ተይዟል። ሻጩ ከፈቀደ ጥቂት የተቆላ ፍሬ ይዛችሁ ሂዱና ፈጭታችሁ በነጭ ወረቀት ላይ በትኑት፤ ዓይን ከማስታወቂያው ይበልጥ ይናገራል።

ጥርሱ የሴራሚክ ወይም የብረት ነው። ሴራሚኩ አይዝግም፣ ስለቱም ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን ጠጠር ሲያገኘው ይሸረፋል። ከገበያ የሚገዛው ቡናችን ደግሞ ጠጠር አያጣውምና ሳይለቀም ከመፍጫ አይግባ። በደንብ የተቀረጸ የብረት ጥርስ 20 ግራም በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ ትንሹ ሴራሚክ ሁለት ደቂቃና ከዚያም በላይ ያለፋል። የመንገድ መፍጫ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸንኑ 20 ግራም ያህል ነው። በወረቀት ለሚጠጣ አንድ ሰው 15 ግራም ለሩብ ሊትር ውሃ ስለሚበቃ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለስድስት ሰው ጀበና ግን ሁለት ሦስት ጊዜ መሙላት ያስፈልጋል። ክንዱ የጠነከረውን ጓደኛ ከወዲሁ ምረጡ።

ማስተካከያው እየቆጠረ «ቀጭ» የሚል ቢሆን እንመርጣለን፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ይቻላልና። ይህም ለተጓዥ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ አገር ግን በ100። የሞቀው ውሃ ከዱቄቱ አብልጦ ያወጣል፤ ስለዚህ እዚህ የተስማማው ልክ እዚያ ቢመርር ቡናውን ከመውቀስ በፊት አንድ ሁለት ቀጭ ማላላት ነው።

የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ፍጩ፤ የተቆላውም እስኪበርድ ይቆይ። የብረቱን ጥርስ በውሃ አትጠቡ፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ። ኮረሪማና ቅርንፉድ የምትወዱም በሌላ ዕቃ ውቀጡት፤ ሽታው አንዴ ከመፍጫው ከገባ ለሳምንታት አይለቅም፣ በመዋጮ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ጠቡ ከሽታው ይብሳል።