«ርብ ሞላ» ያለው ማን ነው?
ወሬ በጋዜጣ ቤት ውስጥ እንዴት ዜና እንደሚሆን

በክረምት ወራት በፎገራ ሜዳ ላይ «ርብ ሞላ!» የሚል ቃል ከተሰማ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቀናል። ቃሉ እውነት ሆኖ ቢዘገይ ውሃው ከብትና እህል ይወስዳል፤ ሐሰት ሆኖ ቢፈጥን ደግሞ ሕዝቡ በሌሊት ቤቱን ጥሎ ይሸሻል። ስለዚህ በዚህ አገር ወሬን ከዜና መለየት የቀልድ ነገር አይደለም።

የወረታ ተማሪዎች ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በዓይናቸው ለማየት ቢሹ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዘው ባሕር ዳር ሲደርሱ የበኩር ጋዜጣን ያገኛሉ። በኩር በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተች፣ በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የምትዘጋጅ ሳምንታዊ የአማርኛ ጋዜጣ ናት።

ጋዜጣ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የማተሚያ መኪናን ነው። በቀድሞው ዘመን ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ የተሠሩትን ሆሄያት አንድ በአንድ ያሰልፍ ነበር። ፊደላችን 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ስለሚሆኑ ድካሙን መገመት አያስቸግርም። ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒዩተር አቅልሎታል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ፊደሉን ይለቅማል እንጂ እውነቱን አይለቅምም።

እውነቱን የሚለቅመው ሰው ነው። «ርብ ሞላ» የሚል ወሬ የደረሰው ጋዜጠኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ቀበሌ? በስንት ሰዓት? ያየው ማን ነው? ብሎ ነው። ቀጥሎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይደውላል፤ በስፍራው የነበረ ገበሬም ይጠይቃል። የሁለቱ ቃል ካልተስማማ እንደገና ይጠይቃል። ጽሑፉ ለአዘጋጁ ሲቀርብ አዘጋጁ ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል። በመጨረሻ አራሚው ቁጥሩን ያያል፤ አንዲት ዜሮ በስሕተት ብትጨመር 100 አባወራ 1000 ይሆናልና።

ከዚህም ሌላ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ወርደው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ሆኖም በሜዳው ላይ የሚተኛው ያው የክረምት ውሃ ነው ፎገራን በሩዝ ያስጠራት። ጎርፉን ብቻ ጽፎ ሩዙን የተወ ዘጋቢ የነገሩን እኩሌታ ነገረን ማለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛውም ከዚህ ሥራ ውጪ አይደለም። ጋዜጠኛው ሲደውል ስልኩን የሚያነሣው፣ መዝገቡን ገልጦ ቁጥሩን የሚናገረው እርሱ ነው። መዝገቡ ካልተስተካከለ ጋዜጣውም አይስተካከልም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በጅምሩ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሠራጭ እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ አንድ ተማሪ በስልኩ በአንድ ደቂቃ ለብዙ ሺሕ ሰው ያደርሳል፤ ነገር ግን በአጠገቡ አዘጋጅም አራሚም የለውም። ስለዚህ ጋዜጣ ቤት የሚጎበኝ ተማሪ ይዞት ሊመለስ የሚገባው ትልቁ ነገር «ያየው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አባቶቻችንም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ለዚሁ ነው።