ከሸራ ወደ ሰፈር፦ የሪክ ሎው ሥራ እንዴት ይሠራል?

ሪክ ሎው በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ የሚኖር ሰዓሊ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚታወቀው የጥቁሮችን ችግር በትልልቅ ሸራዎች በማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ስቱዲዮውን ሊጎበኝ የመጣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የሰፈሩ ሰው ችግሩን ኖሮበት እንደሚያውቀው ገልጾ፣ አርቲስት ፈጣሪ ከሆነ ለምን መፍትሔ እንደማይፈጥር ጠየቀው። ሎው መንገዱን የቀየረው ከዚህ በኋላ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

መልሱን ሲፈልግ የሁለት ቀደምት አርቲስቶች ሐሳብ ረዳው። ጀርመናዊው ዮሴፍ ቦይስ «ማኅበራዊ ቅርጽ» የሚለው ሐሳብ ነበረው፤ ሰዎች አብረው የሚኖሩበትን ሥርዓት ማበጀትም እንደ ድንጋይ ቀረጻ ጥበብ ነው ማለቱ ነው። የሂዩስተኑ ሰዓሊ ጆን ቢገርስ ደግሞ የድሃ ጥቁሮችን ቤቶች በሥዕሎቹ የክብር ምልክት አድርጓቸው ነበር።

እነዚህ ቤቶች «ሾትገን» ይባላሉ። ፊታቸው ጠባብ የሆነ፣ በረንዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ናቸው። ኮሪደር ስለሌላቸው ክፍሎቹ ተከታትለው ተደርድረዋል፤ ወደ ኋለኛው ክፍል ለመድረስ መካከለኛውን ማቋረጥ ግድ ነው። በረንዳዎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ጎረቤት ሳይተያይ አይውልም።

ሎውና ስድስት አርቲስቶች በ1993 ሰርድ ዋርድ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ተጥለው የነበሩ 22 ሾትገን ቤቶችን ይዘው «ፕሮጀክት ሮው ሃውስስ»ን መሠረቱ። በጎ ፈቃደኞች ቆሻሻውን ጠርገው ቤቶቹን አደሱ። ከፊሎቹ አርቲስቶች በየዙሩ የሚሠሩባቸው ማሳያዎች ሆኑ። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ሌሎቹ፣ ትምህርታቸውን የሚከታተሉ ወጣት እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በአነስተኛ ክፍያ የሚኖሩባቸው ሆኑ።

አሠራሩ የቆመው በመደጋገፍ ነው። ኤግዚቢሽኑ ጎብኚና የገንዘብ ድጋፍ ይስባል፤ ድጋፉ ለቤቶቹ እድሳት ይውላል፤ ነዋሪው ደግሞ ሥራው ከሰፈሩ ኑሮ እንዳይርቅ ያደርጋል።

ይህ ስኬት ግን የራሱን ችግር ይወልዳል። ሰርድ ዋርድ ለመሀል ከተማ ቅርብ ነው፤ ሂዩስተንም የትኛው መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚደነግግ የተለመደው የከተማ ክልል ሕግ የላትም። ሰፈር ሲያምርና ስሙ ሲነሳ አልሚዎች ይመጣሉ፣ የመሬት ዋጋ ይወጣል፣ ኪራይም ይከተለዋል። በመጨረሻ ሥራው የታሰበላቸው ሰዎች ለቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ በ2003 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የኪራይ ቤት የሚሠራ፣ ለትርፍ ያልቆመ እህት ድርጅት ተቋቋመ።

ሎው በ2014 የማክአርተር ሽልማትን ተቀበለ፤ ፕሮጀክቱም ከጥቂት ቤቶች ተነሥቶ በርካታ ብሎኮችን አዳረሰ። ይሁንና የሚጠብቀው በእጁ ያለውን መሬት ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰፈር ከገበያ ሊያስጥል አይችልም። እንዲህ ያለ ጥበብ የሚመዘነውም በዚሁ ነው፦ መሬቱ የማን ነው? ከዓመታት በኋላስ እዚያ የሚኖረው ማን ነው?