ከጥድ ቅርንጫፍ ወደ ፕላስቲክ፦ የገና ዛፍ በጎንደር ሳሎኖች

ጎንደር የጥምቀት ከተማ ናት። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም፤ እንግዳም ከሩቅ የሚመጣው ለዚያ ነው። ገና ግን የቤት በዓል ነው። ሌሊቱን ተቀድሶ፣ ጾም ተፈቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቅበት ቀን ነው። የገና ዛፍም ወደ ከተማችን የገባው በአደባባይ ሳይሆን በቤት በር በኩል ነው፤ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ጥግ፣ ዳንቴል ከለበሰው ቴሌቪዥን አጠገብ። ከዚያ ወዲህ መልኩም፣ ዋጋውም፣ የሚቆምበት ምክንያትም ደጋግሞ ተቀያይሯል። ከዚህ ሁሉ ለውጥ እኔ አጥብቄ የምከታተለው የጥዱን ዕጣ ነው። ይህ ልማድ ጥዱን ጎዳው ወይስ አተረፈው?

በመጀመሪያ የነበረው ቅርንጫፍ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ ጊዜ ዛፍ ይታይባቸው የነበሩት ቤቶች ባብዛኛው የመምህራን፣ የነርሶችና የቢሮ ሠራተኞች ቤቶች ናቸው። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የነበረባት ከተማ ስለሆነች የተማረ ቤተሰብም የውጭ ሀገር መምህርም አልጠፋባትም። ቅርንጫፉ ከግቢ አጥር ወይም ከመንገድ ዳር ይቆረጥና የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይተከላል። እንዳይወድቅ ዙሪያውን ድንጋይና አፈር ይጠቀጠቅበታል፤ ቆርቆሮው እንዳይታይም በስጦታ ወረቀት ይጠቀለላል። ጌጡ እቤት የተገኘው ሁሉ ነው። ከሲጋራ ፓኮ የወጣ የብር ወረቀት ኮከብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ፊኛ ይነፋል፤ በፖስታ የመጣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ በክር ታስሮ ይንጠለጠላል። የካርዱ ብዛት የቤቱን ወዳጅ ዘመድ ብዛት ያሳይ ስለነበር ልጆች እየቆጠሩ ከጎረቤት ልጆች ጋር ይፎካከሩበት ነበር። ስልክ ሲስፋፋ ካርዱ ቀረ። ከዛፉ ላይ ከጎደሉት ጌጦች ሁሉ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በረዶው ደግሞ ባዘቶ ነበር። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚወጣው ጥጥ ተዳምጦና ተነድፎ ባዘቶ ሲሆን እናቶች ፈትለው ለጋቢና ለነጠላ ያውሉታል። ለዛፉ የሚሆነው ከዚያው ላይ ይቆነጠራል። ሳስቶ እንደ ጉም እስኪሆን በጣት ይዘረዘርና በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይጣላል፤ ከበዓሉ በኋላም አቧራው ተራግፎ ወደ እንዝርቱ ይመለሳል። በጎንደር ከተማ እንዲህ ያለ ነጭ ነገር ከሰማይ ወርዶ አያውቅም፤ የክረምቱ በረዶ ጠጠር ነው። ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደረስ ግን በታኅሣሥ ሌሊት ሳሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ 4,533 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ዳሸንም አልፎ አልፎ ነጭ ይለብሳል። ባዘቶው የሚመስለው ነገር በእውነት ያለበት ይህ ደጋ ታዲያ የገና ዛፍ አያቆምም። ከወገራ እስከ ጃናሞራ ባለው ገጠር ገና ማለት ቆልመም ያለ ዱላና ሩር ነው፤ ጎረምሳው ከሽማግሌው፣ ጌታው ከሎሌው ሳይለይ ሜዳ የሚወጣበት ጨዋታ ነው። ማታ ምድጃው ዙሪያ ጠላ ይጠጣል። እዚያ ቤት የጎደለ ጌጥ የለም፤ ዛፉን የከተማ ልማድ ብሎ መተው ይበቃል።

የጥዱ ነገር ግን ከተማና ገጠር አይለይም። በእኛ ደጋ ሁለት ዓይነት ጥድ አለ። አንዱ ለአጥርና ለመንገድ ዳር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢከረከምም ይችላል። ሌላው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ዛሬ በርከት ብሎ የሚታየውም ባብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የጎበኘ ሰው ቅጥሩን የሞሉትን ጥዶች ሳያይ አይመለስም። እነዚያ የቆሙት የቤተ ክርስቲያን ስለሆኑ፣ ቢላ የሚያነሳባቸውም ሰው እግዜርን ስለሚፈራ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ላለው ጥድ የወጣለት የመንግሥት ሕግ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ሆኖም ለገና የሚቆርጠው ሰው ግንድ አይጥልምና ጥፋት የሠራ አይመስለውም። ችግሩ የሚመረጠው ላይ ነው። ቀጥ ያለና ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚሾጥጥ ሲፈለግ የሚገኘው የዛፉ አናት ነው፤ ወይም ገና በቁመት ያለ ቡቃያ። አናቱን ያጣ ጥድ ከጎን መንታ ያወጣል እንጂ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይወጣም። ለአንድ ሳምንት ጌጥ የአንድ ዛፍ ቁመና ይጠፋል።

ለዚህ ነው የፕላስቲኩን ዛፍ መምጣት በበጎ የምመለከተው። በነገራችን ላይ ሰው ሠራሽ ዛፍ ሲጀመርም ከደን ጋር የተያያዘ ነበር። ጌጠኛውን የገና ዛፍ ለዓለም ያስተዋወቁት ጀርመኖች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደናቸው መመናመኑ ሲያሳስባቸው የዝይ ላባ አረንጓዴ ቀለም ነክረው ሽቦ ላይ እየጠመጠሙ ዛፍ ሠርተዋል። ላባው በኋላ ቦታውን ለፕላስቲክ ለቀቀ፤ ዛሬ ለዓለም ገበያ የሚሠራው ባብዛኛው ቻይና ነው። ወደ እኛም በጅቡቲ ወደብ አድርጎ፣ መርካቶ ገብቶ፣ ከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጉዞ ፒያሳና አራዳ ሱቆች ይደርሳል። በሳሎኖቻችን የበዛው ከሚሌኒየሙ በዓል ወዲህ ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል የመብራት ገመድም አብሮት መጣ። ትልልቆቹ ሆቴሎች የውጭ እንግዳ ስላለባቸው ታኅሣሥ 16 ቀን ለፈረንጆቹ ገና ያቆሙታል፤ ቤተሰብ ደግሞ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ያየውን በትንሹ እቤቱ ያደርጋል። ካሜራ ያለው ስልክ በእጅ ከገባ ወዲያ የዛፉ ቦታ ራሱ ተለወጠ፤ ቀድሞ ጥግ ይገፋ የነበረው ፎቶ መነሻ ሆኖ ከሶፋው ጎን ወጣ። ውጭ ሀገር ያሉ ልጆች ፎቶውን አይተው ይደሰታሉ፤ ለእናታቸው ዛፍ በሻንጣ ይዘው የሚመጡም አሉ።

ልማዱን የሚቃወሙ አሉ፤ ቃላቸውም ሊሰማ ይገባል። ብዙ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ዛፉ በሥርዓተ ቅዳሴውም ሆነ በማኅሌቱ ቦታ የሌለው፣ ከውጭ የመጣ ጌጥ ነው ብለው ያስተምራሉ። እውነት ነው። የገና ሌሊት በኛ ሀገር ማኅሌትና ቅዳሴ ነው፤ ላሊበላ ላይ የሚሰማው የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ምንም ዓይነት ዛፍ አያስፈልገውም። ለእኔ መፍትሔው ዛፉን በልኩ መያዝ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል፤ በጾም መካከል ሳሎን ማብለጭለጭ ደስ የማይላቸው እናቶች ዛፉን ከታኅሣሥ 28 በፊት አያስወጡም። ልክ ናቸው። መቆሚያውን ማሳጠር ካሳሰበ ደግሞ ከኋላ በኩል ጊዜ አለ። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ምዕራባውያኑም በቀመራቸው ከልደት እስከ ኤጲፋኒያ አሥራ ሁለት ቀን ቆጥረው ነው ዛፉን የሚያነሱት። ለጎንደር ቤት ይህ የበለጠ ይስማማል፤ ለጥምቀት የመጣው እንግዳም ዛፉን ቆሞ ያገኘዋል።

ያለፉት ዓመታት ግን ስለ ጌጥ ለማውራት የሚያመቹ አልነበሩም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት አጠገብ ጭና ደረሰና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በአራተኛው ወር፣ በ2014ቱ ገና፣ መንግሥት በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንን ወደ ሀገር ቤት ጠርቶ ብዙዎች መጡ፤ ጎንደርም ለጥምቀት በእንግዳ ተሞላች። በአንድ ወገን የተፈናቀለ ዘመድ የተጠለለበት ቤት፣ በሌላ ወገን ከአሜሪካ የመጣ ልጅ የሚስተናገድበት ሳሎን። ዛፍ እናቆም የነበርን ሰዎች በዚያ ዓመት ለማቆም እጃችን ከብዶ ነበር፤ ለልጆቹ ስንል አቆምን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ዕቃ በሰዓቱ አይደርስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። ዛሬ አዲስ ዛፍ መግዛት ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ የሚገዛ ሰው አንዴ ገዝቶ ዓመታት የሚያቆየውን ይምረጥ እላለሁ።

ሲመረጥ መጀመሪያ የሚለካው ቤቱ ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ ይለካ፤ ላዩ ላይ ኮከብ ይሰካበታልና ሁለት ስንዝር ያህል ይተረፍለት። ለተለመደው የከተማችን ሳሎን 150 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ 180 ሰፊ ክፍል ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሆቴል ነው። ከቁመቱ ይልቅ የሚያታልለው ስፋቱ ነው፤ ከታች አንድ ሜትር ገደማ የሚይዝ ዛፍ ወንበር ያስነሳል። በካርቶኑ ላይ ከቁመቱ ሌላ የቅጠሎቹ ጫፍ ቁጥር ይጻፋል፤ ሁለት ባለ 180 ዛፎች ቁመታቸው አንድ ሆኖ አንዱ 300፣ ሌላው ከ600 በላይ ጫፍ ሊኖረው ይችላል፤ የመጀመሪያው ሲቆም ግንዱ ይታያል። ቅጠሉን በጣት ሳብ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ እሱቁ ውስጥ የሚረግፍ እቤት ዓመት አይደግምም። እግሩ የብረት ይሁን፤ የፕላስቲኩ እግር በሁለተኛው ዓመት ይሰነጠቃል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ከሆነ ሲነሳም ሲቆምም ይቀላል።

ማቆሙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸውም በችኮላ ነው። ከካርቶን የወጣ ዛፍ ተጨፍልቆ ስለሚመጣ ቀጭን ይመስላል። ከታችኛው ረድፍ ተጀምሮ፣ በየቅርንጫፉ ላይ ያሉት ትንንሽ ሽቦዎች ከግንዱ በኩል ወደ ጫፍ አንድ በአንድ መዘርጋት አለባቸው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ላይ። ታችኛው ክፍል ሳይዘረጋ መካከለኛው አይሰካ። በደንብ የተዘረጋ ርካሽ ዛፍ በችኮላ ከቆመ ውድ ዛፍ ይበልጣል። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት ጥሩ ነው፤ የቀጫጭን ጣት ሥራ ነው። መብራቱ ከጌጡ በፊት ይገባል፤ እሱም ወለል ላይ ተዘርግቶ ከተሞከረ በኋላ። ማከፋፈያው ላይ ምጣድና ፍሪጅ ተሰክቶ ከሆነ መብራቱን እዚያው አለመጨመር ነው። መብራት ሲጠፋ ይነቀል፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ቀጭኑን ገመድ ያቃጥለዋል።

ከሁሉ የማስጠነቅቀው ግን ከሰሉን ነው። በበዓል ቀን ቡና ሦስት አራት ጊዜ ይፈላል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ጧፍ ይበራል። የፕላስቲኩ ቅጠል ባብዛኛው ፒቪሲ ነው፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ረከቦቱና ዛፉ በክፍሉ ሁለት ጫፍ ይሁኑ፤ ቄጠማውም ሲደርቅ እሳት ይወዳልና ከዛፉ ሥር ቶሎ ይጠረግ።

ፕላስቲኩም ቢሆን አካባቢን ሳይጎዳ አይቀርም፤ ካርበን ትረስት የተባለው የብሪታኒያ ድርጅት ባወጣው ስሌት ሁለት ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ዛፍ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት አለበት፤ ልቀቱ ከተፈጥሮው ዛፍ እንዲያንስ ቢያንስ አሥር ዓመት ያህል መቆም አለበት። ይህ ስሌት የተሠራው በእርሻ መልክ ተተክሎ ለሚቆረጥ የአውሮፓ ዛፍ ነው፤ አንዴ ሲቆረጥ የማይተካውን የእኛን ጥድ ቢያስቡት ሚዛኑ ወደ ፕላስቲኩ ያጋድላል። አሥር ዓመት ማቆየቱ ግን ለእኛም ግዴታ ነው። በየሁለት ዓመቱ እየጣሉ አዲስ መግዛት ጥዱን አትርፎ አካባቢውን በማይበሰብስ ቆሻሻ መሙላት ነው።

ጨርሶ ፕላስቲክ የማይፈልግ ቤተሰብ ሌላ መንገድ አለው። ከ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ ችግኝ ማግኘት ቀሏል። የጥድ ችግኝ በክረምት ተወስዶ ሰፊ ቆርቆሮ ወይም ባልዲ ውስጥ ይተከል፤ ሥሩ ውሃ እንዳይቋጥር ከታች ይበሳ። በገና ሰሞን ለጥቂት ቀን ሳሎን ገብቶ ቀለል ባለ ጌጥ ቢያጌጥ አይጎዳም፤ ከሳምንት በላይ ግን ጨለማ ቤት አይቆይ። ከዚያ በጋውን ውጭ ውሃ እየጠጣ ያሳልፍና በቀጣዩ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲጠነክር፣ ግቢ ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይተከል። ችግኙ ሲገዛ የሐበሻው ጥድ መሆኑን መጠየቅ አይዘንጋ፤ የፈረንጁ ቶሎ ስለሚያድግ ቆርቆሮው ውስጥ ዓመት ሳይሞላው ይጠበዋል።