ከዘጠና ቀን በላይ በውጭ አገር ለመቆየት ስለሚጠየቁ ሰነዶችና ስለ ዝርዝራቸው መለዋወጥ

ከአንድ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ የቀረበ

ዕቃ ለመምረጥ ወይም ደንበኛ ለማነጋገር ለጥቂት ቀናት ወደ ውጭ አገር ወጥቶ መመለስ ለነጋዴዎቻችን እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ለዚህ ዓይነቱ አጭር ጉዞ የሚጠየቀውን ወረቀት አብዛኞቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን አንድ ነጋዴ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ለመላክ፣ ወይም የሚያምነውን ሠራተኛ በሩቅ የንግድ ከተማ ለማስቀመጥ ያሰበ እንደ ሆነ ጉዳዩ ፈጽሞ ሌላ መልክ ይይዛል። የሚጠየቀው ወረቀት ይበዛል፤ ከመብዛቱም ይልቅ የሚያስቸግረው፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ ሳያልቅ የሚጠየቀው ነገር ራሱ መለወጡ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቡናና የቅባት እህል ወደ ውጭ በሚልክ፣ የግንባታ ዕቃም በሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ ናት። የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ይሁን እንጂ የአሠሪዬን ቤተ ሰብና የሠራተኞቹን የጉዞ ሰነድ የማዘጋጀው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ከእነዚህም ውስጥ በአንዱ በራሴ ስሕተት ብዙ ገንዘብና ጊዜ ስላስጠፋሁ፣ የደረሰውን ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ሸንገን በሚባለው ስምምነት የተሳሰሩት የአውሮፓ አገሮች የሚሰጡት የአጭር ጊዜ ቪዛ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን የበለጠ አያስቀምጥም፤ ደንቡም ለሁሉም አንድ ነው። ከ90 ቀን በላይ የሚያስቀምጠው ግን እያንዳንዱ አገር በየራሱ ሕግ የሚሰጠው፣ በተለምዶ «ዲ» የሚባለው ቪዛ ነው። ስለዚህ ለጣሊያን የተዘጋጀ ዝርዝር ለፈረንሳይ አይሆንም፤ የፈረንሳዩም ለጀርመን አይሠራም። ጣሊያን ተቀጥሮ ለሚሄድ ሰው አሠሪው እዚያው አገር አስቀድሞ የሚያወጣውን «ኑላ ኦስታ» የተባለ የፈቃድ ወረቀት ትጠይቃለች፤ ጀርመን ደግሞ ለተማሪ ገንዘቡን አስቀድመህ አስቀምጥ ትላለች። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን ሲያጠብቅ፣ መመርመሪያው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ሲወስን፣ በገበያው ውስጥ ነገሩ የተማሪውንና የሠራተኛውንም ጉዳይ የሚነካ መስሎት የተደናገጠ ሰው አጋጥሞኛል። ውሳኔው የተላለፈው ስለ አጭሩ ቪዛ ነበር። ወሬው ግን ይህን ለይቶ አይናገርም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአሠሪዬ ሴት ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከአንድ የጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲ የመቀበያ ደብዳቤ አገኘች። ትምህርቱ የሚጀመረው በጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ጋሼ (በቤቱ ያለን ሁሉ አሠሪያችንን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) አስጠሩኝና «ልጄ፣ ይህን እንደ ኤልሲ ቆጥረሽ ያዥው፤ አንዲት ነጥብ እንዳትጎድል» ብለው አዘዙኝ።

እኔም ወደ ቆንስላው ክፍል ሄጄ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ባለፈው ዓመት ልጁን ወደዚያው አገር ከላከ ጎረቤታችን ባለሱቅ ዝርዝሩን ተቀበልሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ በየመስመሩ ተለይቶ ተጽፏል፤ ልጁ ባሟላው ነገር ሁሉ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል። ያ ቀይ ምልክት አታለለኝ። አንድ ጊዜ የሠራ ነገር ሁልጊዜ የሚሠራ መሰለኝ።

ጀርመን አገር ለሚማር ሰው ከሚጠየቁት ሁሉ ከባዱ የመተዳደሪያው ገንዘብ ነው። ብዙዎች የሚያቀርቡት የአንድ ዓመት መተዳደሪያ በተማሪው ስም በዝግ ሒሳብ፣ በተለምዶ «ብሎክድ አካውንት» በሚባለው፣ አስቀድሞ በማስቀመጥ ነው፤ ተማሪውም ከደረሰ በኋላ በየወሩ ከተወሰነው በላይ ሊያወጣ አይችልም። መጠኑ የተመሠረተው በዚያ አገር የተማሪዎች መደጎሚያ ሕግ ላይ ስለ ሆነ፣ ሕጉ ሲሻሻል እርሱም አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጨረሻ በወር 861 ዩሮ፣ በዓመት 10,332 ዩሮ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በወር 934፣ በዓመት 11,208 ሆነ። ከነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ተደረገ።

የጎረቤታችን ዝርዝር 11,208 ይላል። በሰኔ ወር ያን ያህል ገንዘብ ገባ። የውጭ ምንዛሪው እስኪፈቀድ የጠበቅነውን ጊዜ አልተርክም፤ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ነሐሴ ሳያልቅ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ጋሼም «የልጅቱን ገንዘብ በሰኔ ማስገባታችን እግዚአብሔር አይቶልን ነው» ብለው ሲያመሰግኑ እኔ ሙገሳው የእኔ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቀጠሮው የዋለው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን የተቀበለው ሰው እያንዳንዱን ሰነድ በትዕግሥት ተመለከተና ከባንኩ ወረቀት ላይ ሲደርስ ቆመ። የጎደለው 696 ዩሮ ነበር። ልጅቱ ወደ ቤት ተመልሳ ስትነግረኝ መጀመሪያ ተሳስተዋል ብዬ ተሟገትሁ፤ ማስታወቂያውን ፈልጌ ሳነብ ግን የተሳሳትሁት እኔ እንደ ሆንሁ ተረዳሁ። ያ 696 ዩሮ በሰኔ ቢሆን 43 ሺህ ብር ግድም ይበቃው ነበር፤ በመስከረም ከ75 ሺህ ብር በላይ አስወጣ። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳን ጊዜው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ምንዛሪ ተጠየቀ፤ ማሟያው ተልኮ፣ አዲሱ የባንክ ወረቀት መጥቶ፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ትምህርቱ ተጀመረ። ልጅቱ ክፍል የገባችው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ የላቦራቶሪ ምድብ ስላለፋትም አንዱን ትምህርት ወደሚቀጥለው ዓመት አዛወረች።

ጋሼ አልተቆጡኝም። የጎረቤታችንን ዝርዝር ተቀብለው ፊቱንም ጀርባውንም አገላበጡና «ፕሮፎርማ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን አይደለም፤ እስከ መቼ እንደሚጸና ነው። የዚህ ቀኑ የታለ?» አሉኝ። ቀን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው በማናቸውም የጉዞ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዝርዝሩ ከየት እንደ ተወሰደና በስንት ቀን እንደ ተወሰደ ይጻፋል። ዝርዝሩንም የምወስደው ቪዛውን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን አየዋለሁ፤ ማናቸውንም ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት እንደገና አየዋለሁ፤ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ለሦስተኛ ጊዜ አየዋለሁ። የተለወጠ ነገር ካለ አሮጌውን አልጥለውም፤ ሁለቱን አያይዤ ለውጡ የሚሠራው ማመልከቻው በገባበት ቀን ነው ወይስ በቀጠሮው ቀን ብዬ በአጭር ደብዳቤ እጠይቃለሁ። ይህ አንድ ጥያቄ በዚያን ዓመት ነሐሴ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የልጅቱ አምስት ሳምንት አይባክንም ነበር።

የሰነዶቹም ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም። ባለሱቅ በርበሬውን ለዓመት ሊያከማች ይችላል፤ ቲማቲሙን ግን ለሚሸጥበት ቀን ይገዛል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የእነዚህ ትርጉም እንደ በርበሬው ናቸው፤ ቢቆዩም አይበላሹም፤ የሚያስወጡትም ጊዜ ብዙ ነው። የዲግሪ ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፤ በመካከሉ አንድ ማኅተም ከጎደለ መንገዱ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት እጀምራለሁ። የባንክ ደብዳቤ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና ፎቶግራፍ ግን ቲማቲሙ ናቸው፤ ከመጠን ቀድመው ከወጡ በቀጠሮው ቀን አርጅተው ይገኛሉ። ቢል ኦፍ ሌዲንጉን ዕቃው ከተጫነ 21 ቀን ካለፈ በኋላ ለባንክ አቅርቦ ችግር የገጠመው ላኪ ይህን ለማስረዳት እኔን አያሻውም።

ሌላው ከኤልሲ ጋር የሚመሳሰለው ነገር የወረቀቶቹ እርስ በርስ መስማማት ነው። ባንክ የሚከፍለው ሰነድ አይቶ እንጂ ዕቃ አይቶ አይደለም፤ የቪዛ መርማሪም የሚያውቀን በወረቀታችን ነው። እኛ ስማችንን በራሳችን ፊደል ስንጽፍ አንድ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን እንደ ጸሐፊው ይለያያል። «ተስፋዬ» የሚለው ስም በፓስፖርቱ ላይ መጨረሻው በ«ዋይ» ተጽፎ በዲግሪው ላይ በ«አይ» ሊገኝ ይችላል። ልኩ ፓስፖርቱ ነው፤ ለአስተርጓሚው ከሥራው በፊት የፓስፖርቱን ቅጂ ሰጥቶ በዚያው እንዲጽፍ ማድረግ ይገባል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ዘመን መለወጫ በዓመቱ ላይ ሰባት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። የጋሼ ልጅ የተወለደችው ታኅሣሥ 28 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2001 ይሆናል። አስተርጓሚው ታኅሣሥን አይቶ ሰባት ደመረና 2000 ብሎ ጻፈ፤ ልጅቱ በአንድ ሌሊት አንድ ዓመት አረጀች። ይህን እንኳ በጊዜው አይቼ አሳርሜዋለሁ።

ወደ ቻይና የሚመላለሱ አስመጪዎች የዝርዝሩን መለዋወጥ ከማንም በላይ ቀምሰውታል። መጋቢት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ያ አገር በወረርሽኙ ምክንያት ቪዛ በእጃቸው ያለ የውጭ ሰዎችን ጭምር ከጥቂቶች በቀር እንዳይገቡ ከለከለ። በኋላም ለንግድ የሚሄድ ሰው የነጋዴ ጓደኛው ደብዳቤ አልበቃ ብሎት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግብዣ ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ለይቶ ማቆየቱ ሲቀር ከጉዞው በፊት በ48 ሰዓት ውስጥ የተደረገ የፒሲአር ምርመራ ይጠየቅ ነበር፤ ሚያዝያ 21 ቀን በአንቲጅን ምርመራ ተተካ፤ ነሐሴ 24 ቀን ጭራሹን ቀረ። ይህ ሁሉ በስምንት ወር ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ የማያስፈልግ ምርመራ ከፍሎ ያደረገም፣ የሚያስፈልገውን ሳያደርግ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተመለሰም ሊኖር እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ጉዳይ አስፈጻሚ ነን እያሉ በየሕንጻው ሥር ስለሚቆሙት ሰዎች ብዙ ለማለት አልፈልግም። ከእነርሱ መካከል ቅን ሠራተኛ አለ። ነገር ግን «የጎደለውን እኔ አሟላዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥም እንዴት እንደሚያሟላው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሐሰት የባንክ ወረቀት የተገኘበት ነጋዴ የሚያጣው ቪዛውን ብቻ አይደለምና።

በጀርመን በኩል ደግሞ ሁለት ለውጦች ተከትለዋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚቀርብበት መንገድ በዓለም ዙሪያ ባሉት የአገሩ የቪዛ ክፍሎች ሁሉ ተከፍቷል፤ ሆኖም አመልካቹ አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረቡ አልቀረም። ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ቪዛ የተከለከለ ሰው ለዚያው የቪዛ ክፍል ደብዳቤ ጽፎ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቅበት የነበረው ሥርዓት ተነሥቷል። የቀረው መንገድ እንደገና ማመልከት ወይም በበርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የእኔን ስሕተት የመሰለ ጉድለት ቀድሞ በማሟያና በደብዳቤ ይድን ከነበረ አሁን ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል።

ተጓዡ ከደረሰም በኋላ ወረቀት አለ። ጀርመን የገባ ሰው ቤት በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ያስመዘግባል፤ ጣሊያን የገባ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈረንሳይ የገባም ቪዛውን በሦስት ወር ውስጥ ማጽደቅ አለበት። በዚህ ጊዜ ዋናዎቹ ሰነዶች ስለሚጠየቁ በሻንጣው ሳይሆን በእጅ ቦርሳው እንዲይዛቸው እመክራለሁ፤ ቅጂው ደግሞ ከጸሐፊው ዘንድ ይቅር።

በአሁኑ ጊዜ በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ፋይል የሱቅ ሠራተኛችን ነው። የቧንቧ ዕቃ የምንገዛበት ድርጅት በጓንግዡ ሊቀጥረው ስለ ተስማማ ለሥራ የሚሰጠውን «ዜድ» የተባለ ቪዛ እናዘጋጅለታለን፤ ሲደርስም በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ትናንት ዝርዝሩን ለሁለተኛ ጊዜ አየሁት፤ አልተለወጠም፤ ቀኑን ጽፌበታለሁ። የፖሊስ ማስረጃውና የዲግሪው ቅጂ ለቀጣሪው ከተላከ ሁለት ሳምንት ሆነ። የሥራ ፈቃዱ ማሳወቂያ እንደ መጣ ዝርዝሩን ለሦስተኛ ጊዜ አይቼ ፎቶግራፍ እንዲነሣ እልከዋለሁ። እስከዚያው ሱቁን እየሸጠ ይጠብቃል።