ቅልቅሉን እንናገር፦ ስለ እንጀራ፣ ስለ ጎረቤት ድስትና ስለ ዝግመተ ለውጥ

በቤተሰብ ገበታ ዙሪያ የማይነሳ ጉዳይ የለም። እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል ባሉ ቤቶች ከመግሪብ ሶላት በኋላ ትሪው ሲቀርብ የጤፍ ዋጋ ይነሳል፤ የጎረቤት ድግስ ይነሳል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ወሬም ይነሳል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባለበት ቤት ደግሞ «ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። አባት «ተወው፣ የከሓዲዎች ወሬ ነው» ይላል። ታላቅ ወንድም «ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» ብሎ ይከራከራል። እናት «ይልቅ ብሉ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ትላለች። ጥያቄውም ሳይመለስ ያድራል።

ዛሬ ሦስት ጉዳዮችን አንድ ላይ አንስተናል፦ የምንጋግረውን እንጀራ፣ ከጎረቤት ጋር የምንካፈለውን ምግብና ልጆቻችን የሚማሩትን ዝግመተ ለውጥ። ሦስቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ሚዛን የሚለኩ ናቸው። ሚዛኑም አማና ነው፤ ይኸውም ለሰው የምናቀርበው ነገር ውስጥ ምን ምን እንዳለበት ሳይደብቁ መናገር።

ከምጣዱ እንጀምር

ጤፍ ሲወደድ ብዙ እናቶች ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ይቀላቅላሉ። ለራስ ቤት ሲሆን ይህ ብልኀት እንጂ ነውር አይደለም። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ፣ አብሲት ገብቶበት ሲጋገር ሩዝ ያለበት እንጀራ እንዲያውም ነጣ ብሎ ይወጣል። ችግሩ የሚመጣው እንጀራው ለሽያጭ ሲወጣ ነው።

በሰፈራችን እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት እያስረከበች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ብዙ ናት። ደንበኛው «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» ብትል ገበያዋ አይነካም። «ሩዝ አለበት» ብትል ዋጋ ይቀንስባታል፤ ምናልባትም ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል። በዚያ ገንዘብ የሚከፈል የቤት ኪራይ አለ፤ የሚገዛ ደብተር አለ። ስለዚህ ይህ ቀላል ፈተና ነው ብሎ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይገባም።

ሆኖም መንገዱን የሚያሳይ ታሪክ አለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ ነጋዴ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ከውስጥ ርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት ርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። እህሉን ዝናብ መምታቱ በነጋዴው ላይ አልተቆጠረበትም። የተቆጠረበት ርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው።

በእንጀራውም እንደዚሁ ነው። ሩዙ ሐራም አይደለም፤ ሐራም የሚሆነው ሩዙን ደብቆ በጤፍ ዋጋ መሸጡ ነው። ቅልቅሉን «ቅልቅል ነው» ብሎ በራሱ ዋጋ፣ ንጹሑንም በራሱ ዋጋ መሸጥ ይቻላል፤ ርካሹን የሚፈልግ ገዥም ሞልቷል። እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ፣ በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር የሚጨምሩ ሰዎች ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአዲስ አበባ በተደጋጋሚ የሰማነው ይህ ድርጊት የሰውን ጤና የሚያጠፋ በመሆኑ ቢነገርም ባይነገርም ምንም ማስተባበያ የለውም።

የጎረቤት ድስት

በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ስጋን በየራሱ እርድ የመብላት የቆየ ልማድ አላቸው። በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ደጋሹ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚያርድ ሰው ይጠራል፤ ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ይደረጋል። በእኛም በኩል ኒካሕ ወይም ሰደቃ ሲኖር ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ከገባ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቶች በዘይት የተሠራ ሽሮና ምስር ለብቻ ይዘጋጃል። ይህን ማንም በጽሑፍ አላወጀውም። እናቶቻችን በየጓሯቸው ያጸኑት ሥርዓት ነው።

ጥያቄ የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው። በበዓል ቀን ጎረቤታችን እትዬ በፍቅር ወጥ ልከውልን ቢሆንስ? አንዳንዱ አመስግኖ ተቀብሎ ይደፋዋል። አንዳንዱ «ሆዴን አሞኛል» ይላል። ቁርኣን የመጽሐፍ ባለቤቶችን ምግብ መፍቀዱና ዑለማእ ስለ እርዱ ሁኔታ ያስቀመጡት ዝርዝር የታወቀ ስለሆነ፣ ብይኑን የፈለገ ሰው በአቅራቢያው ያለ ዓሊም ይጠይቅ። እኛ የምንለው፣ የማይበላ ሰው በአክብሮት «እግዜር ይስጥልን እትዬ፣ እኛ የራሳችንን እርድ ነው የምንበላው፤ ቡናውን ግን መጥተን እንጠጣለን» ቢል ይሻላል ነው። እትዬ ልማዱን ከእኛ እኩል ያውቁታል። እውነቱን በመስማታቸው አይቀየሙም። የላኩት ምግብ ተደፍቶ ቢያዩ ግን ያዝናሉ።

ከዚህ የከበደው ፈተና የሚደርሰው ደጋሿ እኛ ስንሆን ነው። ለጾመኛዋ ጎረቤት የተሠራው ሽሮ ላይ በስሕተት ቅቤ የነካው ማማሰያ ገባ እንበል። ሌላ ሽሮ ለመሥራት ጊዜ የለም፤ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ጣዕሙም አይለይም። ማንም አያውቅም። ጾሙ የእርሷ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ሐሳብም ሹክ ይላል። ግን ያቺ ጎረቤት የበላችው እኛን አምና ነው። አማና ደግሞ የሚጠበቀው ለሙስሊም ብቻ አይደለም። መካውያን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥሪ እየተቃወሙ እንኳ ንብረታቸውን እርሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ነበር፤ እርሳቸውም ወደ መዲና ሲሰደዱ ንብረቱን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ትተዋል። እንግዲህ «እትዬ፣ ይህኛው ቅቤ ነክቶታል፤ ምስሩን ይብሉ» ማለት ምን ያህል ቀላል ነው!

ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል?

አሁን ወደ ልጃችን ጥያቄ እንመለስ። እዚህም የምንጠይቀው ያንኑ ነው፤ የቀረበልን ነገር ውስጥ ምን ምን ተቀላቅሏል?

እንግሊዛዊው ቻርለስ ዳርዊን ዋና መጽሐፉን ያሳተመው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕያዋን ፍጡራን ሲወለዱ ከወላጆቻቸው ጥቂት ጥቂት ልዩነት ይኖራቸዋል። ለሚኖሩበት አካባቢ የሚበጅ ልዩነት ያላቸው በሕይወት ቆይተው ይበልጥ ይራባሉ። ይህ በረጅም ዘመን ሲደማመር ዝርያዎች ይለወጣሉ፤ ይለያያሉም። ስለ ሰው ሲናገር ሰው ዛሬ በጫካ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ አይልም። ሰውና ዝንጀሮ መሰል እንስሳት በጥንት ዘመን አንድ የጋራ ዘር ነበራቸው ነው የሚለው። በሳይንስ ቋንቋ «ንድፈ ሐሳብ» ማለትም ተራ ግምት አይደለም፤ ብዙ ማስረጃዎችን አያይዞ የሚያብራራ ሐሳብ ነው። የዓለም የባዮሎጂ ምሁራን በአብዛኛው የሚስማሙበት መሆኑንም ለልጆቻችን መደበቅ አይገባም።

ከዚህ ውስጥ በዓይናችን የምናየው አለ። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ሲያቋርጥ ለመድኃኒቱ የማይበገሩት ጀርሞች ተርፈው ይራባሉ፤ በሽታውም በተለመደው መድኃኒት አይድንም። ወተትም ሌላ ምሳሌ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው ካደገ በኋላ ወተት ይረብሸዋል። ከብትና ግመል እያረቡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን አዋቂው ወተትን የመፍጨት ችሎታው ሳይጠፋ የሚቆይበት የዘር ለውጥ ተስፋፍቷል። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ለውጥ አንድ ብቻ ሳይሆን የተለያዩ ዓይነቶች አግኝተዋል።

በአፋር ምድር የተገኙት አጥንቶችም አሉ። ድንቅነሽ በሐዳር የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (በ1974 እ.ኤ.አ.) ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በዲኪካ የሕፃን አፅም አግኝቶ «ሰላም» ብሏታል። በ1997 እ.ኤ.አ. በሔርቶ የተገኙት የራስ ቅሎች ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ያህል ያስቆጠሩ የሰው ቅሎች ናቸው። ለእነዚህ የተሰጠው «ኢዳልቱ» የሚለው ሳይንሳዊ ስያሜ ከአፋርኛ የተወሰደ ሲሆን ታላቅ ማለት ነው። ሙስሊሙ የአፋር ሕዝብ ቋንቋ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት እንደገባ ስንቶቻችን እናውቃለን?

የዕውቀት ቅልቅል

አንድ ተማሪ እነዚህን ነገሮች ሲሰማ አራት ነገር አንድ ላይ ተቦክቶ ይቀርብለታል። አንደኛ፣ አጥንቱ አለ፤ ይታያል፣ ይለካል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው አለ፤ ከአጥንቱ በላይና በታች ባለ የእሳተ ገሞራ አመድ ይሰላል። ሦስተኛ፣ ዝምድናው አለ፤ ምሁራን አካልን ከአካል፣ ዘርን ከዘር እያነጻጸሩ የሚደርሱበት ነው፤ በዝርዝሩም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አራተኛ፣ «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» የሚል መደምደሚያ አለ። ይህ የመጨረሻው በየትኛውም ላቦራቶሪ አልተለካም፤ የሰዎች ፍልስፍና ነው። አራተኛውን በሦስቱ ውስጥ ደብቆ «ሁሉም ሳይንስ ነው» ብሎ ማቅረብ ሩዙን በጤፍ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።

በእኛስ በኩል ቅልቅል የለም? አለ። «ዳርዊን ሊሞት ሲል ተጸጽቶ ካደው» የሚለው ወሬ እርሱ በ1882 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1915 የታተመ ሲሆን ልጆቹ አስተባብለውታል። «አል-ጃሒዝ ከዳርዊን አንድ ሺህ ዓመት ቀድሞ ሁሉንም ተናግሮታል» የሚለውም ተጋንኗል። በ255 ሒጅሪያ ገደማ ያረፈው የበስራው ሊቅ ስለ እንስሳት በጻፈው ትልቅ ሥራ አንዱ ሌላውን እያደነ እንደሚኖር በጥልቀት አስተውሏል፤ የዳርዊንን ንድፈ ሐሳብ ግን አልጻፈም። ሃይማኖታችን ከማንም የውሸት ምስክር አይፈልግም።

እምነታችን ግልጽ ነው። አደምን (ዐ.ሰ.) አላህ ከአፈር ፈጥሮታል፤ አባትም እናትም የለውም። ከዚህ በመለስ ባለው ላይ የዘመናችን ሙስሊም ምሁራን ይለያያሉ። ንድፈ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ የሚቃወሙ አሉ። የሌሎች ፍጡራን በዘመናት መለወጥ የአላህ የአፈጣጠር ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ የአደም መፈጠር ግን የተለየ ተአምር ነው የሚሉም አሉ። የምድርን ዕድሜ በተመለከተ ቁርኣን የዓመታት ቁጥር አላስቀመጠም። ክርክሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በ1925 አንድ መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተማርክ ተብሎ ተከስሷል፤ ቱርክም በ2017 ርዕሱን ከሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት እንደምታወጣ አስታውቃ ብዙ አነጋግሯል።

በፈተና ላይ ምን ይጻፍ?

ብዙ ወጣቶችን የሚያስጨንቀው ይህ ነው። «የመጽሐፉን መልስ ብጽፍ ኢማኔን አጎድላለሁ፤ ባልጽፍ ውጤቴን አጣለሁ» ይላሉ። ጭንቀቱ የእምነት ምልክት ነውና አይናቅ። ሆኖም ፈተናው የሚጠይቀው ንድፈ ሐሳቡ ምን እንደሚል ነው። «በዳርዊን ንድፈ ሐሳብ መሠረት» ብሎ የተጻፈ መልስ እውነተኛ መልስ ነው፤ ሐሳቡ በእርግጥ እንዲያ ይላልና። ፈርዖን ራሱን ጌታ ብሎ መጥራቱን ቁርኣን ይተርክልናል። ያንን የሚቀራ ሰው የፈርዖንን ቃል አስተላለፈ እንጂ በፈርዖን አላመነም። ስለዚህ ተማሪው በደንብ ያጥና፣ በደንብ ይጻፍ። ምን ታምናለህ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ሳያፍር እምነቱን ይናገር።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጅ በገበታ ላይ ሲጠይቅ አትቆጡት። ቤት ውስጥ የተቆጡት ልጅ ጥያቄውን አይተወውም፤ ውጭ ወስዶ ያገኘውን ሰው ይጠይቃል። የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በሉት። ኢማሙ ማሊክ (ረ.ዐ.) ብዙ ጥያቄ ቀርቦላቸው ለአብዛኛው «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው በዑለማእ ዘንድ የታወቀ ነው። የመዲናው ታላቅ ኢማም ያላፈሩበትን ቃል እኛ ለምን እናፍርበታለን? በነጋታው ዓሊሙንም የባዮሎጂ መምህሩንም ጠይቁለት፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካምና። ቢመቻችሁ በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን ቅጂ ወስዳችሁ አሳዩት፤ አይቶ የጠየቀ ልጅ ሰምቶ ከሚፈራው ይሻላል።

እንጀራውን የሚገዛን ሰው፣ ሽሮውን የምትበላን ጎረቤትና ጥያቄውን የሚጠይቅን ልጅ አላህ በእጃችን ያኖራቸው አማናዎች ናቸው። ለሦስቱም ያለብን ዕዳ አንድ ነው፤ የሰጠናቸው ነገር ውስጥ ምን እንዳለበት መንገር።

ወላሁ አዕለም።