ከወደቀ ብረት የሚነሣ ሞተር ብስክሌት፤ አሮጌ የሚገዛውና አዲስ መገዛት የሚገባው

ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹና ወደ ሆመቾ፣ ከዱራሜም ወደ አንጋጫና ወደ ሐደሮ የሚወስዱትን መንገዶች የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ፣ በዚያ አገር ሞተር ብስክሌት የጌጥ ዕቃ ሳይሆን የዕለት መሣሪያ መሆኑን ይረዳል። የመድኃኒት ካርቶን፣ የዘር ከረጢት፣ የሱቅ ዕቃ፣ አንዳንድ ጊዜም ሕመምተኛው ራሱ በጀርባው ላይ ይጓዛል። ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ የሚገባው ጥርጊያ መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ድንጋይና አቧራ ነውና፣ ክብደቱ የቀለለ፣ ጉልበቱ የበረታና ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ሞተር ብስክሌት ያስፈልጋል።

ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ተብለው የተሠሩ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች እስከ ዛሬ ድረስ ከአገልግሎት አልወጡም። የጃፓኑ ያማሃ ፋብሪካ በ1960 ዓ.ም. ዲቲ 1 የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ለጎዳናም ለዱርም የሚሆነው ዓይነት በዓለም ላይ ተስፋፋ። ከዚያው ዘር ዲቲ 125 ተከተለ፤ ለእርሻ ሥራ የታሰበው ኤጂ 100 ደግሞ በአፍሪካ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በረድኤት ድርጅቶች እጅ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ኤጂ 100 ካቴናው በተዘጋ ሽፋን ውስጥ የሚዞር፣ የጭነት መደርደሪያ ያለው፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹ በብረት ቀስት የተጠበቁ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ የተሰጠው ስለሆነ፣ ለገጠር መንገድ እንደ ተፈጠረ ይቈጠራል።

አሮጌውን ማደስ ትርፍ ያለው ሥራ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ አዲስ ሞተር ብስክሌት መግዛት ያልቻለ ሰው አሮጌውን ለማስነሣት ይገደዳል። ጥያቄው ግን አሮጌው ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚል አይደለም። ከወደቀው ዕቃ የትኛው ተመልሶ ይሠራል? የትኛውስ በምንም ዋጋ ቢሆን አዲስ መገዛት አለበት? የጋላቢው ሕይወትና የሻጩ መልካም ስም የሚንጠለጠሉት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ዕቃው ከወዴት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ጨረታ ነው። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች አርጅቷል ያሉትን ሞተር ብስክሌት ከነአካሉ ወይም በክምር ብረትነት ይሸጣሉ። ሁለተኛው ምንጭ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአዲስ አበባ መርካቶ ሲሆን፣ በሶማሌ ተራ የተፈታታ የመኪና መለዋወጫ፣ በምናለሽ ተራም ልዩ ልዩ ውዳቂ ብረታ ብረት ይገኝበታል። ሦስተኛው በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰብሳቢ ነው። ብልህ መካኒክ አንዱን ለማስነሣት ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ሬሳ ይገዛል፤ ከአንዱ ሻንሲውን፣ ከሌላው ካምቢዮውን፣ ከሦስተኛው ሰርባቶዮውን ወስዶ አንድ አካል ያደርጋቸዋል።

ከአሮጌው ሊወሰድ የሚችለው

ሻንሲ፣ የሞተር ቤት፣ የካምቢዮ ጥርሶች፣ ሞዞ፣ ሰርባቶዮ፣ ፓራፋንጎ፣ መሪና የጭነት መደርደሪያ ተመርምረው ከአሮጌው ሊወሰዱ ይችላሉ። ሻንሲው ሲመረመር በመጀመሪያ የሚታየው የመሪው አንገት ነው። በዚያ ሥፍራ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ብረቱም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም ከኋላው ጎማ ወደ ፊተኛው ገመድ በሁለቱም ወገን ተወጥሮ፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መቆማቸው ይረጋገጣል። የተጣመመ ሻንሲ በቀለም ይሸፈናል እንጂ አይድንም።

ስለ ሰርባቶዮ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ቢፈስስም እንኳ ትነቱ በውስጡ ይቀራልና፣ የበያጅ እሳት ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ስለዚህ በደንብ ታጥቦ፣ ከሚበየደው ሥፍራ በቀር ውኃ ሳይሞላ ለበያጅ መስጠት አይገባም። አሮጌ የፍሬን ሸራም ሲፈታ አቧራው በአፍ ወይም በአየር መንፊያ አይነፋም፤ በድሮ ዘመን ብዙው የፍሬን ሸራ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ይገባበት ነበርና በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ ይኖርበታል።

አዲስ መሆን የሚገባው

የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ፣ ኩሽኔታ፣ የዘይት መያዣ ጎማ፣ የፒስተን ፋሻ፣ ጎማና ካላማዳሪ ከወደቀ ዕቃ መወሰድ የለባቸውም። ካቴናም ብቻውን አይለወጥም፤ ፒኞኑና ኮሮናው አብረውት ይለወጣሉ። ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና በጥቂት ወራት ውስጥ ያበላሸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚናቀው ኦይል ሲል የሚባለው የዘይት መያዣ ጎማ ነው። እንደ ኤጂ 100 ባለው ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ግን ኮሎውን በግራና በቀኝ የሚዘጋው ይኸው ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ ከውጭ አየር ይሰርቃል፤ አየር ሲበዛ ቤንዚኑና ከእርሱ ጋር የሚገባው ዘይት ያንሳሉ፤ ከዚህም የተነሣ ሙቀቱ አይሎ ፒስተኑ ይቃጠላል። በዚህ ዓይነት በጥቂት ብር የሚገዛው ጎማ ስለ ተረሳ ብቻ ብዙ ወጪ የጠየቀ እድሳት ከንቱ ይሆናል። የዘይት ፓምፑም እንዲሁ ነው። ፓምፑ አስተማማኝ ካልሆነ ባለቤቱ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በእጁ ይቀላቅል፤ በአሮጌ ሞተር የቆየው ልማድ ለ20 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ይህን ዘንግቶ ለመንዳት የተጣደፈ ሰው በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል።

ሲሊንደሩ በተበላ ጊዜ ወደ ሬክቲፊካ ከመሄድ በፊት ፒስተኑ መገዛት አለበት። ከልኩ ከፍ ያሉ ፒስተኖች በአናታቸው ላይ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1.00 ሚሊ ሜትር የሚል ምልክት አላቸው። ሲሊንደሩ የሚሞረደው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ ነው፤ ሲሊንደሩን አስቀድሞ አስሞርዶ ፒስተን የሚፈልግ ሰው ልኩን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ቁጥሩ ዕቃውን ይናገራል

በሾኔ ወይም በዱራሜ ያለ ባለሱቅ የእያንዳንዱን ሞተር ብስክሌት ዕቃ በስሙ ማከማቸት አይችልም፤ ደግሞም አያስፈልገውም። ብዙው ዕቃ የሚሸጠው በፋብሪካ ስም ሳይሆን በቁጥር ነው። 6203 የተጻፈበት ኩሽኔታ ከየትኛውም ፋብሪካ ቢወጣ፣ የውስጡ ስፋት 17፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱም 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6202 ደግሞ 15 በ35 በ11 ነው። ከቁጥሩ በኋላ 2አርኤስ የሚለው በሁለቱም ወገን የጎማ ክዳን ያለው ሲሆን፣ ዜድዜድ የሚለው የብረት ክዳን ያለው ነው፤ ለጭቃ አገር ባለ ጎማው ይመረጣል። የዘይት መያዣ ጎማም በሦስት ልኮች፣ ማለት በውስጥ ስፋቱ፣ በውጭ ስፋቱና በውፍረቱ ይታወቃል።

በካቴና ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 420 እና 428 የተባሉት ካቴናዎች ከጥርስ ወደ ጥርስ ያላቸው ርቀት እኩል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን 420 ጠባብ ነውና ለ428 በተሠራ ኮሮና ላይ አይገባም። በካንዴላም ላይ ሌላ ወጥመድ ይገኛል። የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ርዝመቱ 12.7 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ረዥሙ በአጭሩ ሥፍራ ቢገባ ፒስተኑን ሊመታው ይችላል። አምፖልም ሲሸጥ የድሮው መብራት 6 ቮልት፣ የአሁኑ 12 ቮልት መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

በጎማ ግን ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያሻል። በጎማው ጎን ላይ ከሚገኙት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ይህም ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ስለዚህ 2315 የሚል ጎማ በ2015 እ.ኤ.አ. የተሠራ እንጂ በ2015 ዓ.ም. የተሠራ አይደለም። ይህን ያልለየ ባለሱቅ ሰባት ዓመት ገደማ የሚበልጠውን አሮጌ ጎማ አዲስ ነው ብሎ በቅን ልቡና ይሸጣል፤ ገዢው ግን ጎማው በቁልቁለት ላይ ሲፈነዳበት ቅን ልቡናውን አይመለከትለትም።

ለአገሩ መንገድ ማስማማት

ሞተር ብስክሌቱ ከተነሣ በኋላ ለሥፍራው እንዲስማማ ይደረጋል። በሐምበርቾ ተራራ ዙሪያ ላለው ዳገት የሚበጀው ቀላል ለውጥ የኋላው ኮሮና ነው። 42 ጥርስ የነበረው 46 ቢሆን፣ የመጎተት ኃይሉ በመቶ 10 ገደማ ይጨምራል፤ ፍጥነቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በኤጂ 100 ላይ ግን ትልቁ ኮሮና በካቴናው ሽፋን ውስጥ መግባቱ አስቀድሞ ይለካ፤ ሽፋኑን አውጥቶ መጣል ካቴናውን ለጭቃ መስጠት ነው።

ካርቡራቶሩም ይስተካከላል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ሞተር በሆሳዕና ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። መካኒኮች የቤንዚኑን መርጫ ቀዳዳ በጠባብ በመለወጥ ያቃልሉታል። ይሁን እንጂ በደጋ የተጠበበው መርጫ ጭነት ተሸክሞ ወደ ጊቤ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያሳንስና ሞተሩን ከመጠን በላይ ያሞቀዋል። በሁለቱም አገር የሚሠራ ሰው መጠነኛውን ይምረጥ።

ሞተሩ ፈጽሞ የማይድን በሆነ ጊዜ ሌላ መላ አለ። ሆንዳ በ1968 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው ሲጂ 125 የተባለ ጠንካራ አራት ምት ሞተር በቻይና በብዛት ተቀድቶ ተሠርቷል። ዕቃው ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ፣ ማቀፊያው በቶርኖና በብየዳ ተስተካክሎ በአሮጌ ሻንሲ ላይ ሊሰካ ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ ከኮሮናው ጋር በቀጥታ መስመር ካልቆመ ካቴናው ይዘላል፤ የዘለለ ካቴናም የኋላውን ጎማ ቆልፎ ጋላቢውን ይጥላል።

ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል

በመሪው አንገት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥርና በሞተር ቤቱ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መነጻጸር አለባቸው። ቁጥሩ የተፋቀ ሻንሲ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው። በጨረታ የገዛ ሰው የአሸናፊነቱን ደብዳቤና የከፈለበትን ደረሰኝ ይጠብቅ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ንብረት የቀረጥ ነጻ መብት ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቅበታልና፣ ከድርጅት የሚገዛ ነጋዴ ይህን ከዋጋው አስቀድሞ ይጠይቅ። ሞተሩ ወይም ቀለሙ ሲለወጥም ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ቦሎ ማግኘት ያስቸግራል።

ለነጋዴው የሚቀረው

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው፣ ትልቁ ብረት ከወደቀው ክምር ይገኛል፤ ሥራው የሚቋረጠው ግን በትናንሹ ዕቃ እጦት ነው። አስመጪው ኩሽኔታን፣ የዘይት መያዣ ጎማን፣ የፒስተን ፋሻንና የፍሬን ሸራን በቁጥራቸው ለይቶ ቢያመጣ፣ ዕቃው ቀላል፣ ሥፍራው ጥቂት፣ ገዢው ግን ዘወትር ነው። ባለሱቁም በመደርደሪያው ላይ ቁጥሩን ጽፎ፣ በጠረጴዛው ላይ የሚሊ ሜትር መለኪያ አኑሮ፣ የመጣውን አሮጌ ዕቃ ለክቶ ቢሰጥ፣ ገዢው ለአንድ ኩሽኔታ ሲል እስከ መርካቶ አይሄድም።

አሮጌውን አሮጌ፣ አዲሱንም አዲስ ብሎ በየዋጋው የሚሸጥ ነጋዴ በሁለቱም ያተርፋል። ታጥቦ የተቀባ አሮጌ የፍሬን ሸራን በአዲስ ካርቶን ከትቶ የሚሸጥ ግን የሚያገኘው ትርፍ የአንድ ቀን ነው። በሆሳዕናና በዱራሜ ገዢና ሻጭ ይተዋወቃሉ፤ በቁልቁለት ላይ የወደቀው ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ሸራውም ከማን ሱቅ እንደ ተገዛ ለመታወቅ ብዙ ጊዜ አይወስድም።