የመማክርቱ ኪስ

ጠዋት የሐዋሳ ፒያሳ በዩኒፎርም ይሞላል። ታናናሾቻቸውን እጃቸውን ይዘው አስፋልት የሚያሻግሩ አሉ፤ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዙ አሉ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ጓደኞቻቸው መርጠው የተማሪዎች መማክርት ውስጥ ያስገቧቸው ይኖራሉ።

መማክርት ስሙ ከምክር የመጣ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ተወካዩን ይመርጣል፤ ተወካዮቹ ደግሞ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይሰይማሉ። ብዙ ጊዜ የምናያቸው ሰልፍ ሲያስይዙና አርፋጅ ሲመዘግቡ ነው። ይሁንና ተማሪ ከዚህ ከፍ ያለ ወንበርም አለው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ በአጭሩ ወመተህ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ዕቅድና በጀት ሲመክር ተማሪውም በስሙ ተጠርቶ ይቀመጣል።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በየትምህርት ቤቱ «ስኩል ግራንት» የሚባለውን ድጎማ አመጣ። የመጀመሪያው ተመን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለአንድ ተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ደግሞ 55 ብር ነበር። ስሌቱ በተማሪ ቁጥር ከሆነ፣ ተማሪው በአወጣጡም ላይ ቢመክር ተገቢ ነው።

ይህን በተግባር ያደረጉ አሉ። በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ የባዮሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ከርእሰ መምህሩ በጀት 2,000 ዶላር ለተማሪዎች ውሳኔ ተተወ። ተማሪዎቹ ሐሳብ አሰባሰቡ፣ ወጪውን አሰሉ፣ ድምፅ ሰጡ። አሠራሩ ወደ ሌሎች የከተማዋ ትምህርት ቤቶችም ተስፋፋ።

ለእኛ ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። እድር ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለምን እንደሚለያዩ ያውቃል። መማክርቱም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል። በመጀመሪያ ከድጎማው ትንሽ ድርሻ ይለይለታል፤ መስፈርቱም አስቀድሞ ይለጠፋል። ክበባትና ክፍሎች ጥያቄያቸውን ከነዋጋ ማቅረቢያው ያስገባሉ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ፣ የሴቶች ክበብ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ሚኒ ሚዲያው ማይክራፎን ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄ ያቀረበ ክበብ አባል የሆነ ተወካይ በዚያ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም። ገንዘቡን የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ይከፍላል፤ ደረሰኙ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ከባዱ ሥራ ገንዘቡን መስጠት ሳይሆን መከልከል ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ በሚበቃበት ጊዜ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጓደኛዋን ፊት ለፊት አይታ «የእናንተ ጥያቄ ዘንድሮ አልተሳካም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት አለባት። ሰልፍ በማስያዝ ይህ ትምህርት አይገኝም። ነገ የቀበሌን፣ የእድርን፣ የአገርን ገንዘብ የምትይዘው እሷ ናትና፣ ምክንያት መስጠትን ከአሁኑ ትልመድ።